ውሃው ሞቀ ማለት ቦይለሩ በትክክል ተገጠመ ማለት አይደለም

(የመግቢያ ሙዚቃ)



በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በጎባ ማልዶ የተነሣ ሰው የቧንቧ ውሃ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። እጅ ላይ ሲያርፍ አጥንት ድረስ ይሰማል። በዚያ ውሃ ልጅ አጥቦ ትምህርት ቤት መላክ ይጨንቃል፤ አራስን፣ አዛውንትን፣ ሕመምተኛን ማጠብማ ጭራሽ አይታሰብም። ድሮ በርሜል ጥደን፣ እሳት አንድደን፣ በባልዲ እየቀዳን እንታጠብ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ እንደ ምንም አጠራቅሞ ቦይለር ይገዛል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው።

ታዲያ ቦይለሩ ተገዝቶ ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? ሠራተኛ ይጠራል። ግድግዳ ይበሳል፣ ቦይለሩ ይሰቀላል፣ ቱቦ ይቀጠላል፣ ስፒናው ይሰካል። ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ ቧንቧው ሲከፈት ሙቅ ውሃ ይወርዳል። «ሠራ!» ይባላል። ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም በደስታ ይታጠባል።

አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን የሚጀምረው ከዚች «ሠራ!» ከምትለው ቃል ነው። ግራውንድ የሌለው ቦይለር ውሃ ያሞቃል። ሴፍቲ ቫልቭ ያልተገጠመለትም ያሞቃል። በቀጭን ገመድ የተሳበ፣ በሁለት ሚስማር የተንጠለጠለ ቦይለርም ያሞቃል። ውሃው ሞቀ ማለት ቦይለሩ በትክክል ተገጠመ ማለት አይደለም። በደንብ የተገጠመውና በዘፈቀደ የተገጠመው የሚለዩት አንድ ነገር በተበላሸ ቀን ነው። ያን ቀን አንደኛው ቤት መብራት ይቆረጥና ሰው ይተርፋል፤ ሌላኛው ቤት ግን አደጋ ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ውሃው መስመር፣ ስለ መብራቱ መስመርና ስለ አያያዙ አንድ በአንድ እንነጋገራለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ሆዱን ከፍተን እንየው። ቦይለር ማለት በቀላሉ ሙቀት እንዳያመልጥ በፎም የተሸፈነ የብረት በርሜል ነው። ከታች በኩል ሁለት ቱቦዎች ይገቡበታል። ሰማያዊ ምልክት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ነው፤ ቀይ ምልክት ያለው ሙቅ ውሃ የሚወጣበት ነው። የቀዩ ቱቦ ጫፍ በበርሜሉ ውስጥ እስከ ላይ ድረስ ይዘልቃል፤ ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣልና ከላይ ነው የሚቀዳው። ቀዝቃዛው ከታች ይገባና ሙቁን ወደ ላይ እየገፋ ያስወጣዋል። የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ሲቋረጥ ቦይለሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሙቅ ውሃ የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ የሚገፋው የለም።

በበርሜሉ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ አለ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አለ፤ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ መብራቱን ያቋርጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ የማግኒዥየም ዘንግ ነው። አኖድ ይባላል። ውሃ ብረትን ያዝጋል፤ ይህ ዘንግ ግን በበርሜሉ ፈንታ ራሱ እየተበላ በርሜሉን ከዝገት ያድነዋል። ዘንጉ ተበልቶ ሲያልቅ ተራው የበርሜሉ ይሆናል።

ምን ያህል ሊትር እንግዛ የሚለውን እንመልከት። በደጋ አካባቢ የቧንቧ ውሃ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው እንበል። ቦይለሩ 60 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሰው የሚታጠበው ግን በ40 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሙቁን ከቀዝቃዛው ጋር እንቀላቅለዋለን። ሲሰላ 80 ሊትሩ ተቀላቅሎ እስከ 150 ሊትር የሚደርስ የመታጠቢያ ውሃ ይሆናል፤ 50 ሊትሩ ደግሞ እስከ 95 ሊትር። በተግባር ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ሙቁ እየተቀዳ ሲሄድ ከታች ያለው ቀዝቃዛ እየተቀላቀለው ይመጣልና። አንድ ሰው በ40 ሊትር ይታጠባል ብንል፣ 80 ሊትሩ ለሦስት ሰው በደንብ ይበቃል፤ 50 ሊትሩ ለሁለት ሰው ይሆናል።

ጊዜውንም እናስላው። 80 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። 1500 ዋት ቦይለር ይህን የሚያደርገው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወስዶ ነው። ይህ ታዲያ መብራቱ 220 ቮልት ሲሆን ነው። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ወርዶ 180 ቮልት ከሆነ፣ 1500 ዋት የነበረው ቦይለር ወደ 1000 ዋት ይወርዳል፤ ጊዜውም አንድ ተኩል እጥፍ ይረዝማል። «ቦይለሬ ደከመ» ብሎ ሠራተኛ ከመጥራት በፊት ይህንን ማሰብ ይጠቅማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ግድግዳው እንሂድ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 80 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው፤ የራሱ ክብደት ሲጨመር 100 ኪሎ ይደርሳል ወይም ያልፋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ይህን ኩንታል ከምትታጠቡበት ቦታ አጠገብ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነውና ግድግዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው።

ጣታችሁን አጥፋችሁ ግድግዳውን አንኳኩት። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ኮለን ወይም ኮንክሪት ሊሆን ይችላል። የባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ብሎኑ የሚይዘው ሦስት ሳንቲሜትር እንኳ የማትሞላ ቅርፊት ብቻ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ ላይ ተራ ፊሸር መትቶ ቦይለር መስቀል ዕቃው መቼ እንደሚወድቅ ቀን እንደ መቁጠር ነው። ዛሬ አይወድቅም፤ ነገም አይወድቅም። በየቀኑ ግን ቀዳዳው በጥቂቱ እየሰፋ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከተቻለ ኮለን ወይም የኮንክሪት ቢም ላይ ይሰቀል። ካልተቻለ ግድግዳው ወዲያና ወዲህ ተበስቶ ረጅም ብሎን ይተላለፍበት፤ በወዲያኛው በኩል ሰፊ ላሜራ ተደርጎ በዳዶ ይጥበቅ። ክብደቱ ያኔ በሙሉ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የክፍልፋዩን ግድግዳ ለዩ፤ በአግሮስቶን ወይም በሌላ ስስ ሰሌዳ በተሠራ ግድግዳ ላይ ቦይለር አይሰቀልም። ከሥሩም ለጥገና የሚሆን ክፍት ቦታ ይተው፤ ሬዚስታንሱና አኖዱ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከሥር ነውና።

(አጭር ሙዚቃ)

ከግድግዳው ቀጥሎ የውሃው መስመር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ጊዜ እንወስዳለን።

አንድ ጎረቤቴ አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ከውጭ አገር ገንዘብ ልኮላቸው ቦይለር አስገጠሙ። በሳምንቱ ሠራተኛውን መልሰው ጠሩት፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ከቦይለሩ ሥር አንዲት ትንሽ የናስ ዕቃ ውሃ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። እማማ ከሥሯ የፕላስቲክ ኩባያ አስቀምጠዋል፤ ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

«ልጄ፣ ይቺን ነገር ድፈንልኝ» አሉት። «ውሃው በገንዘብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል።»

ሠራተኛው ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እማማ፣ ይቺ ዕቃ ሥራዋን እየሠራች ነው። እሷን የደፈንኩ ቀን ቤትዎ ውስጥ ቦምብ አስቀምጬ ሄድኩ ማለት ነው። ድፈን ካሉኝስ ቦይለሩን ነቅዬ ብሄድ ይሻለኛል» አላቸው።

እማማ ደነገጡ። ልጁ ግን እውነቱን ነበር የነገራቸው። ያቺ ትንሽ ናስ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ለምን እንደምታንጠባጥብ ልንገራችሁ።

ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ትርፍ አንድ ሊትር የት ይሂድ? በርሜሉ ብረት ነው፤ አይለጠጥም። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ተዘግቷል። በቀዝቃዛው በኩል ወደ ኋላ እንዳይመለስም ቫልቩ ውስጥ መመለሻ መከልከያ አለ። ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ቫልቩ ላይ የተጻፈው ልክ ሲደርስ፣ አብዛኞቹ ላይ 8 ባር ነው፣ ቫልቩ ይከፈትና ጠብ ጠብ እያደረገ ትርፉን ያስወጣዋል። 8 ባር የመኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ውሃው እየሞቀ ባለበት ሰዓት የሚታየው ጠብታ እንግዲህ የጤና ምልክት ነው።

ቫልቩ ቢደፈንስ? ቴርሞስታቱ በሚገባ እስከሠራ ድረስ ምናልባት ምንም ላይታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ቀን ቴርሞስታቱ ተጣብቆ መብራቱን ማቋረጥ ቢያቅተውስ? ውሃው መሞቁን ይቀጥላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታፈነ በርሜል ውስጥ ግን ውሃው ሳይፈላ ከ100 ዲግሪም በላይ ይሄዳል። በርሜሉ አንድ ቀን የተዳከመ ቦታ ላይ ሲቀደድ፣ ከዚያ የታፈነ ውሃ ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ኃይል ነው። ሠራተኛው «ቦምብ» ያለው ለማስፈራራት አልነበረም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሴፍቲ ቫልቩ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ፣ በቀስቱ አቅጣጫ ይገጠማል። ሁለተኛ፣ በሴፍቲ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ አይገባም። ውሃውን ለጥገና የምትዘጉበት ጌት ቫልቭ ከሴፍቲ ቫልቩ በፊት ይሁን። ሦስተኛ፣ የቫልቩ አፍ አይደፈንም፤ ጠብታው ካስቸገራችሁ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ምሩት፤ የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን። በወር አንድ ጊዜም የቫልቩን እጀታ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ውሃ አስወጡ፤ ካልተነካካ በቆሻሻ ይጣበቃል።

የእማማ ቦይለር ዛሬም ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት ጠብታውን ወደ ፍሳሹ ይልካል። ኩባያው ተነሥቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

መብራቱን ከማብራታችን በፊት አንድ ደንብ አለ፤ መጀመሪያ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ መብራት ይበራል። ሬዚስታንስ የተሠራው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱን ለውሃው እንዲሰጥ ነው። በባዶ በርሜል ውስጥ ከበራ ሙቀቱን የሚቀበለው የለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። አዲስ የተገዛ ቦይለር በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መሙላቱን እንዴት እናውቃለን? የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱና ቀዝቃዛውን መስመር ልቀቁት። በመጀመሪያ ቧንቧው አየር ይተፋል፤ «ፍሽ፣ ፍሽ» ይላል። ከዚያ ውሃና አየር ይደባለቃል። በመጨረሻ ውሃው ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሞልቷል። ቧንቧውን ዝጉ፤ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት እየነካካችሁ ፍሳሽ እንደሌለ አረጋግጡ፤ ከዚያ ብሬከሩን አንሡ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ይህ ደንብ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ደህና ቫልቭ ያለው ቦይለር ውሃውን ይዞ ይቆያል። መመለሻ መከልከያው ካረጀ ግን ውሃው በመጣበት መስመር ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ውሃ ከጠፋ ሰነባብቶ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱ፤ ውሃ ሲመጣ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ አይታችሁ ከዚያ አብሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መብራቱ መስመር እንግባ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት የሻወሩን ቧንቧ ስነካ ነዘረኝ። በጣም አይደለም፤ ጣቴን ቆንጠጥ እንደማድረግ ነው። ለአከራዬ ለእትዬ ነገርኳቸው። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ነጠላ ጫማ አድርገህ ታጠብ። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው።» በር ላይ የሚቀመጠው ያ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ልጆቹም ሳይቀሩ፣ ለወራት በላስቲክ ነጠላ ጫማ ብቻ ከሞት ተጠብቀው ይታጠቡ ነበር።

አድማጮቻችን፣ የሚነዝር ቧንቧ በነጠላ ጫማ አይታከምም። ንዝረት ማለት ኤሌክትሪክ ከሬዚስታንሱ ወይም ከገመዱ አምልጦ ወደ ብረቱና ወደ ውሃው ገብቷል፣ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ እየፈለገ ነው ማለት ነው። መንገድ ካላገኘ እርጥብ ሰውነታችንን መንገድ ያደርገዋል። በሰው አካል ውስጥ የሚያልፍ 30 ሚሊአምፔር ለሕይወት አስጊ ነው። ቦይለሩ የሚስበው 7 አምፔር ገደማ ነው፤ 30 ሚሊአምፔር ከዚያ ከ200 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ነው ግራውንድ የሚያስፈልገው። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሦስተኛው ሽቦ ከቦይለሩ ብረት ተነሥቶ፣ በሶኬቱና በብሬከሩ ሳጥን አልፎ፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ በዚያ በኩል ይሄዳል። ብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የተዘረጋው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ፌዝና ኒውትራል። ሶኬቱ ሦስተኛ ቦታ ስላለው ብቻ ግራውንድ አለ ማለት አይደለም፤ ከጀርባው ሽቦ ላይኖር ይችላል። ባለሙያ በመለኪያ ያረጋግጠው።

ሁለት አቋራጮችን ግን አትፍቀዱ። አንዱ ኒውትራሉን ከሶኬቱ የግራውንድ ቦታ ጋር ማገናኘት ነው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የቦይለሩ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ሌላው ግራውንዱን በውሃ ቱቦ ላይ ማሰር ነው። ድሮ ቱቦው ብረት ነበር፤ ዛሬ ግን መስመሩ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት አያደርስም።

ስለ ብሬከር ደግሞ የሚደባለቅ ነገር አለ። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይወርዳል። ሰው በ30 ሚሊአምፔር ሲያዝ ተራው ብሬከር ምንም አያውቅም። ሰውን የሚጠብቀው ኤርሲዲ የሚባለው ነው። የሄደውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊአምፔር ልዩነት ካየ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በላዩ ላይ «T» የሚል ምልክት ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ጫኑት፤ ካልወረደ ይቀየር። ለቦይለር ገንዘብ ያወጣ ሰው በኤርሲዲ ላይ አይቆጥብ።

የገመዱን ነገር በአጭሩ እንየው። ከ1500 እስከ 2000 ዋት ለሚሆን ቦይለር የራሱ መስመር ከብሬከር ሳጥኑ ይሳብለት፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር። ከምጣድ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን መሰካት የለበትም። ሶኬቱም ሆነ ማብሪያው ውሃ ከሚረጭበት ይራቅ፤ ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ሻወሩ ራስ ላይ ተገጥሞ ውሃውን ወዲያው ስለሚያሞቀው ዕቃም ትጠይቁናላችሁ። ትንሽና ርካሽ ነው፤ ቦታም አይይዝም። ነገር ግን ውሃውን እያለፈ ሳለ ማሞቅ ስላለበት ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይስባል። 5500 ዋት የሆነው 25 አምፔር ይወስዳል፤ የቦይለሩ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ። ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ መስመሩ ከረዘመ 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ የቆጣሪያችሁም አቅም መጠየቅ አለበት። በአምፖል መስመር ላይ የተቀጠለ እንዲህ ያለ ማሞቂያ ገመዱን በግድግዳ ውስጥ ያቀልጠዋል። ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ብቻ ውሃ የምታገኙ ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። አንዳንዱ ማሞቂያ በዚህ ግፊት አይነሣም። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት አንብቡ።

(አጭር ሙዚቃ)

አያያዙን በአጭሩ እንለፈው። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሳንባ ጠንቅ የሆኑ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሰው ቆዳ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያም በፊት። ልጅ ሲታጠብ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፣ ሙቁን ጨምሩበት፣ በክንዳችሁ ለክታችሁ ከዚያ ልጁን አስገቡ።

አኖዱ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወጥቶ ይታይ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የምታዩ፣ ለምሳሌ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ያው ቅርፊት በሬዚስታንሱ ላይም እንደሚለጠፍ ዕወቁ። ቅርፊቱ ሙቀቱን ከውሃው ይጋርዳል፤ መብራቱ ይቆጥራል፣ ውሃው ግን ቶሎ አይሞቅም። ከቦይለሩ የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ይጸዳ።

ቧንቧው ሲከፈት እንፋሎት ከተፋ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ወዲያው ብሬከሩን አውርዱ፣ ከአጠገቡ ራቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ብታዩ በእጃችሁ አትንኩት፤ ሮጣችሁ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ እርዱት።

አድማጮቻችን፣ ሠራተኛው «ጨርሻለሁ» ሲላችሁ ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁት። ግድግዳው ምንድን ነው፣ በምን ተያዘ? ሴፍቲ ቫልቩ የት ነው፣ በመካከሉ መዝጊያ አለ ወይ? ውሃው መሙላቱን አሳየኝ። ግራውንዱ መሬት ድረስ መድረሱን በመለኪያ አሳየኝ። ኤርሲዲው ሲጫን ይወርዳል ወይ? ሙያውን የሚያከብር ሠራተኛ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ደስ ብሎት ያሳያችኋል። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ቦይለር ቀድሞውኑ ላላችሁም አደራ አለኝ። ዛሬ ማታ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩት። ያቺ ትንሽ ናስ አለች? አፏ ክፍት ነው? በራችሁ ላይስ በንዝረት ምክንያት የተቀመጠ ነጠላ ጫማ አለ? ካለ፣ ሳትታጠቡ ብሬከሩን አውርዱና ነገ ጧት ባለሙያ ጥሩ። አንድ ማለዳ ሳይታጠቡ መዋል ማንንም አይገድልም።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)